ወጥታ ያልወጣችው መዝጋቢ

ቢሮው ውስጥ «እትዬ ለምን» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ጎፈሬው ነው። ጎፈሬው የቢሮው ፕሮግራመር ነው፤ በር ሲከፈት ከእሱ በፊት ጸጉሩ ይገባል። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ እሱ ሠርቶ የጨረሰውን አንድ ገጽ ስትፈትሽ ከጠዋት እስከ ምሳ አሥራ አራት ጊዜ «ይኼ ለምን እንዲህ ሆነ?» አለችው። ቆጥሮባታል። ለጥቂት ሳምንት ከኋላዋ ብቻ ነበር የሚጠራት፤ አንድ ቀን ፊት ለፊት አመለጠውና ክው አለ። እሷ ግን ሳቀች። ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ዕድሜዋ አርባ ስምንት ነው። ከዚህ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበረች። ሌላው የጻፈውን ፊደል በፊደል እያነበበች የተደገመውን ትሰርዛለች፣ የተዛነፈውን ታቃናለች። ከሁሉ የምትኮራው በአንድ የመድኃኒት መግለጫ ነው። «ለነፍሰ ጡር ሴቶች አይሰጥም» የሚለው መስመር እንዳለ ወድቆ፣ ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ልክክ ብሎ ስለገጠመ፣ ሦስት ሰው አንብቦ አሳልፎት ነበር። እሷ አላሳለፈችውም። የተሳሳተውን ማንም ያየዋል፤ የሌለውን ማየት ነው ጭንቁ፣ ትላለች።

ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ሰባት ወር ቤት ተቀመጠች። አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ያን ጊዜ ሲያነሱ፣ የሳሙናውን ካርቶን፣ የስኳሩን ከረጢት ስታርም ትውል እንደነበር፣ አልፎ አልፎም እሳቸውን እንዳረመቻቸው ያወራሉ። ባሏ የአውቶቡስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በዚያ ሰሞን ሳይታረም የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ብዙ ስለማይናገር።

ታዲያ አንድ ቀን የጎረቤቷ የእህት ልጅ የሶፍትዌር ቢሮ ከፈተና ማስታወቂያ በየቤቱ አደለ። እሷ ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ አሥራ አንድ ቦታ አርማ በጎረቤቷ እጅ መለሰችለት። በማግስቱ ልጁ ወረቀቱን ይዞ በሯ ላይ ቆመ። ለጠብ የመጣ መስሏት ነበር። እሱ ግን የመጣው ሥራ ይዞ ነው፤ የሚሠሩት ነገር ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት እየነካካ እንከኑን የሚያወጣለት ሰው አጥቶ ነበር። ኮምፒውተር የማታውቅ መሆኗን ብትነግረው፣ ኮምፒውተሩን ጎፈሬው ያውቀዋል፣ እኔ የምፈልገው ይቺን ቀይ እስክሪብቶ ነው አላት። እንዲህ ነው አለቃዋ የሆነው። ከአንድ ሶፋ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ክፍል ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ የሶፋ ሠሪዎቹ መዶሻ ከታች እየተሰማ ሁለት ዓመት ሠራች። ነገሩ የተፈጠረው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው።

የቢሮው ትልቁ ደንበኛ አንድ ሆስፒታል ነበር። የሕሙማን ቀጠሮና የቀዶ ጥገና ተራ የሚያዝበትን ገጽ የሠሩለት እነሱ ናቸው፤ ስልሳ ሦስት ሠራተኛ ይጠቀምበታል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ቃል የማታባክን ሴት፣ ለአለቃው ደወለች። ዓርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደሚቀመጥ፣ ለዚያም የአንዲት ሠራተኛ የአንድ ወር እንቅስቃሴ በወረቀት እንደምትፈልግ ነገረችው። ሠራተኛዋ ከፊት መስኮት የምትቀመጠው መዝጋቢ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀዶ ጥገናው ተራ ላይ ዘጠነኛ የነበሩ አንዲት አሮጊት ባለፈው ሐሙስ ድንገት ሁለተኛ ሆኑ። ሁለተኛ የነበረው የቡአ ሕመምተኛ ወደ ታች ወረደና ቤተሰቡ አቤት አለ። መዝገቡ ሲታይ ተራውን የቀየረው የመዝጋቢዋ ስም ነው። ሲጣራ ደግሞ አሮጊቷ የመዝጋቢዋ የግቢ ጎረቤት ሆነው ተገኙ። ከዚህ በኋላ ማን ይስማት። ሐሙስ ልጇ አተኩሷት ከምሳ በፊት አስፈቅዳ እንደወጣች፣ ስትወጣም «ውጣ» የሚለውን ቁልፍ ተጭና እንደሄደች ብትምል ብትገዘት፣ ከቤት ሆነሽ በስልክ ተመልሰሽ ገብተሻል ተባለች። ሰኞ ከሥራ ታገደች፤ የይለፍ ቃሏም በዚያው ቀን ተቀየረ።

አለቃው ወረቀቱን እንድታወጣና እንድታስተካክል ሥራውን ለእትዬ ለምን ሰጣት። ወረቀት ሲሆን የእሷ ነው። ስድስት ገጽ ወጣ። እሷም ማንም ሳያዛት እንደ ልማዷ ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረች። ገባች፣ ወጣች። ገባች፣ ወጣች። አንድ ወር ሙሉ እንደ ጫማ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሄዳል። ሐሙስ ላይ ደረሰች። ሁለት ሰዓት ከአምስት፣ ገባች። ስድስት ሰዓት ከሃያ፣ ወጣች። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት፣ ተራ ቀየረች።

እዚያ ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። መልሳ አነበበችው። ገጹን ገልጣ ከኋላ አየችው፤ ምናልባት ማተሚያው መስመር ዘልሎ ይሆናል ብላ ድጋሚ አወጣችው። ያው ነው።

«ጎፈሬው» አለች፣ «ይህቺ ልጅ በስድስት ሰዓት ወጥታለች። በዘጠኝ ሰዓት ሥራ ሠርታለች። በመሃል ገባች የሚል የለም። በምን ገባች?»

ጎፈሬው ከወንበሩ ሳይነሳ አስረዳት። መግቢያው ላይ «አስታውሰኝ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ ሠራተኛው እሷን ከነካ፣ ሁሉን የሚይዘው ዋናው ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ገጹን ለሚከፍተው ፕሮግራም፣ ለብሮውዘሩ፣ አንድ ረጅም፣ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድርድር ይሰጠዋል። ቶክን ይባላል፤ የማለፊያ ምልክት ነው። ስልሳ ቀን ይሠራል። ሰውዬው በሌላ ጊዜ ገጹን ሲከፍት ብሮውዘሩ ምልክቱን ያሳያል፣ ሰርቨሩም የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ያሳልፈዋል። በይለፍ ቃል ስላልተገባ መዝገቡ ላይ «ገባች» አይጻፍም።

ለምን አይጻፍም ብላ ጠየቀችው። ኮዱ እንዲጽፍ አላዘዝኩትማ አላት። ያን ጥያቄ ለጊዜው ተወችውና ወንበሯን ወደሱ ጎተተች።

«እሺ፣ ውጣ ስትል ያ ምልክት ምን ይሆናል?»

«ይጠፋል።»

«ከየት ነው የሚጠፋው?»

«ከብሮውዘሩ ነዋ።»

«ከሰርቨሩስ?»

ጎፈሬው ወደ ስክሪኑ ዞረ። ከዚያ ኮዱን አወጣ። እሷ ኮድ ማንበብ አትችልም፤ ፊቱን ግን ታነባለች። የጎፈሬው ፊት ከላይ ወደ ታች እየተለወጠ ሲመጣ አየች። የመውጫው ሥራ በሙሉ አራት መስመር ነው። አራቱም ለብሮውዘሩ «ጣለው» የሚሉ ናቸው። ለሰርቨሩ «እርሳው» የሚል አንድም መስመር የለም። ብሮውዘሩ ከጣለው በኋላ ማን መልሶ ያመጣዋል ብሎ ነበር ያሰበው።

ያን ጊዜ ነው ልቧ መምታት የጀመረው። ያን የመድኃኒት መግለጫ ካገኘች ወዲህ እንዲህ መትቶላት አያውቅም። ሁለት ላፕቶፕ ጎን ለጎን አደረጉ። በአንዱ፣ ለመሞከሪያ በተሠራ ስም፣ «አስታውሰኝ» ብላ ገባች። ጎፈሬው የእሷን ምልክት ገልብጦ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ለጠፈው። ገጹ እዚያም ተከፈተ። አሁን እሷ «ውጣ» ተጫነች፤ የእሷ ገጽ ወደ መግቢያው ተመለሰ። «በል አድስ» አለችው። ጎፈሬው ገጹን አደሰ። እሱ ጋ እንደተከፈተ ነው።

የይለፍ ቃሉን ቀየሩት። አድስ። አሁንም ተከፍቷል። ላፕቶፑን አጥፍተው አበሩት። አሁንም። እትዬ ለምን ተነስታ እስከ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች፤ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት እስክሪብቶዋን ጸጉሯ ውስጥ ሰካችው። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰዓቱን፣ የተጫነችውን፣ ያየችውን ጻፈች። ጎፈሬው አንድ ጊዜ በራሱ ሥራ ሲያፍር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ደስታው አፍኖት እንደ ልጅ ሲስቅ ታየዋለች። እሷም ያው ነበረች።

አለቃው ሲመጣ ሁለቱም እየተሻሙ ነገሩት። እሱ ግን አልሳቀም። በሩን ዘጋና ተቀመጠ። ሆስፒታሉ ውሉን የሚያድስበት ወር እንደሆነ፣ ገጻችሁ ቀዳዳ አለው ተብሎ ከተሰማ ሌሎቹም ደንበኞች እንደሚሸሹ፣ ዛሬውኑ በጸጥታ ደፍነው ወረቀቱን እንደታዘዙት ቢልኩ እንደሚሻል ተናገረ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው።

«በጸጥታ እንድፈነው» አለች እትዬ ለምን። «ዓርብ ግን ያቺን ልጅ የሚያባርሯት በዚህ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስህተት እንዳለበት እያወቅሁ ያሳለፍኩት ወረቀት እስከ ዛሬ የለም።»

የሶፋው መዶሻ ከታች ሲመታ ይሰማል። አለቃው ራሱን እያሻሸ ልክ ነሽ አላት፤ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ያሳዩት ነገር ሊሆን እንደሚችል ነው እንጂ እንደሆነ አይደለም። ምልክቱን ማን ገለበጠው? ሌባ ነው እንዳይሉ የተሰረቀ ነገር የለም። ባዶ እጃቸውን ከሄዱ ሥራ አስኪያጇ ሰበብ ነው ትላለች። አንድ ቀን ሰጣት፤ ረቡዕን።

ማታ በእራት ላይ ስትተርክላቸው አማቷ ጉዳዩን ግማሹን ሰምተው ግማሹን በግምት ሞሉት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ» አሏት።

«እስከሚጠራ ዓርብ ይደርሳል፣ እማማ» አለች።

ረቡዕ በጠዋት መዝጋቢዋ ቤት ሄደች። መዝጋቢዋ በሃያዎቹ መጨረሻ ያለች ሴት ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ነበር። መጀመሪያ ከኮሚቴው የተላከች መስሏት በሩን በግማሽ ነው የከፈተችው። እትዬ ለምን ወረቀቱን አውጥታ መስመር የጎደለበትን ቦታ በጣቷ ስታሳያት ግን በሩ ወለል አለ። ሻይ ሳይቀርብ ጥያቄ ጀመረች። በዚያ ኮምፒውተር ሌላ ሰው ይቀመጣል? የለም። ስልክሽ ላይ ከፍተሽው ታውቂያለሽ? በፍጹም። «አስታውሰኝ» ትያለሽ? ሁልጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት፤ መስኮቱ ላይ ሰው ሲበዛ ገጹ ራሱን ይዘጋባታልና። ማታ ደግሞ ሁልጊዜ ትወጣለች። በዚህ ወር ኮምፒውተሩን የነካው ሰው አለ?

መዝጋቢዋ አሰበች። ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፣ ኮምፒውተሮቹን የሚጠግነው ሰውዬ በምሳ ሰዓት መጥቶ በገመድ ከአንድ ሳጥን ጋር አያይዞት ነበር። እሷ ምሳ በልታ ስትመለስ እየነቀለ ነው። ምን እንደሠራ አልጠየቀችውም።

እትዬ ለምን ሻዩን ሳትጠጣ ተነሳች። መዝጋቢዋም ነጠላ ጫማዋን ለመቀየር እንኳ ሳትመለስ ተከተለቻት።

ጠጋኙ የሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ፣ በገመድና በአሮጌ ስክሪን ተከቦ ይሠራል። ሥራውን የሚወድ፣ የሚጠይቀው ያጣ ሰው ነው፤ አንዲት ሴት መጥታ ያንን ቀን ምን እንደሠራ ስትጠይቀው ደስ ብሎት አስረዳት። ለላይኛው ፎቅ አዲስ ኮምፒውተር መጥቶ ነበር። ማተሚያውን፣ የፊደል ገበታውን፣ ሁሉን ነገር እንደገና ከመጫን ብሎ፣ ደህና የሚሠራውን የመዝጋቢዋን ኮምፒውተር ሀርድ ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ገለበጠው። ሌላው ሰው ሁለት ቀን የሚፈጅበትን እሱ በአንድ ምሳ ሰዓት ጨረሰው።

«እንዳለ?» አለች።

«እንዳለ፣ እመቤት። አንድ ነገር አልቀረም።»

ልትስመው ምንም አልቀራት። ያን ቀን በምሳ ሰዓት የመዝጋቢዋ ገጽ አልተዘጋም ነበር። ምልክቱ ብሮውዘሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ዲስኩ ሲገለበጥ አብሮ ተገለበጠ። ማታ «ውጣ» ስትል የራሷ ብሮውዘር ምልክቱን ጣለው፤ መንትያው ግን በአዲሱ ዲስክ ውስጥ ሆኖ ፎቅ ወጣ። ሰርቨሩ ደግሞ የሚረሳ ሰርቨር አይደለም።

አዲሱ ኮምፒውተር የት እንዳለ ጠየቀችው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ቁስል የሚታጠብበት ክፍል። ደረጃውን ሦስቱም ሮጡ። እትዬ ለምን ደረጃ ላይ ከሮጠች አሥር ዓመት ይሆናታል፤ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ወደ ኋላ ስትቀር መዝጋቢዋ ክንዷን ይዛ ሳበቻት። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ተተኪ ነርስ ፋሻ ትቆርጣለች። የክፍሉ ባለቤት፣ ነባሩ ነርስ፣ ካለፈው ዓርብ ጀምሮ እረፍት ወጥቷል፤ ተተኪዋ ሁሉን በወረቀት ነው የምትሠራው፤ ኮምፒውተሩን ነክታው አታውቅም። አስፈቅደው አበሩት። ጠጋኙ ብሮውዘሩን ከፈተ።

የይለፍ ቃል አልጠየቀም። የቀዶ ጥገናው ተራ ፊታቸው ተዘረጋ፤ ከላይ በቀኝ ጥግ ላይ የመዝጋቢዋ ሙሉ ስም ተጽፏል። ሰኞ የታገደች፣ የይለፍ ቃሏ የተቀየረባት፣ አሁን አጠገባቸው በነጠላ ጫማ ቆማ የምታለከልክ ሴት፣ እዚያ ስክሪን ላይ በሥራዋ ላይ ነች።

መዝጋቢዋ አፏን በእጇ ያዘች። ማንም እንዳይነካው ብላ እትዬ ለምን ወንበሩን ከጠረጴዛው አራቀችው፣ በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ ሰዓቱን ጻፈች፣ ጠጋኙንም ሥራ አስኪያጇን እንዲጠራ ላከችው። ሥራ አስኪያጇ የታገደች ሠራተኛ እዚህ ምን ትሠራለች እያለች ነበር የመጣችው። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን ስም አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ባዶው የሕመምተኛ አልጋ ላይ ቁጭ አለች።

ስልኳን አውጥታ እረፍት ላይ ላለው ነርስ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገችው። ነርሱ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ጎምቱ ሰው ነው። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቀዶ ጥገናውን ተራ የነካው ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው።

«እኔ ነኝ» አለ ሳያመነታ። «አሮጊቷ የስኳር ቁስል ነበረባቸው፤ እግራቸው እየጠቆረ ሲመጣ ለሐኪሙ አሳየሁት፣ ይቅደሙ ብሎ ጻፈልኝ። ወረቀቱ በሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ አለ።»

«በማን ስም እንደገቡ አላዩም?»

«የምን ስም? ገጹ ተከፍቶ ነው ያገኘሁት። አዲሱ ኮምፒውተር ሲመጣ ለሁሉም ክፍት ያደረጉት መስሎኝ» አለ፤ ቀጠል አድርጎም፣ «ምነው፣ እሳቸው ክፉ ነገር ደረሰባቸው እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

ክፉ ነገር አልደረሰባቸውም። ሰኞ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው እግራቸው ተርፎ፣ ሌላኛው ክፍል ተኝተው ነበር። ሁለተኛው መሳቢያ ሲከፈት የሐኪሙ ወረቀት ከፋሻ ሥር ተገኘ፣ ፊርማና ቀን ያለው። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ይዛ መዝጋቢዋን አየቻት። ልጅሽ ተሻላት ወይ ብቻ አለቻት። የቀረውን ዓርብ በሰው ፊት ትለዋለች።

ሐሙስ ቢሮው ውስጥ የተሠራውን ሥራ ጎፈሬው እስከ አሁን እየጨመረ ያወራዋል። ሲጀመር ስንት ምልክት በሕይወት እንዳለ ቆጠሩ። ለስልሳ ሦስት ሠራተኛ ሰርቨሩ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ምልክት ይዞ ነበር። ከሞላ ጎደል ሁሉም ወጥተናል ብለው ቤታቸው የሄዱ ሰዎች ምልክት ነው። አለቃው ቁጥሩን ሲያይ ጃኬቱን አውልቆ እሱም ተቀመጠ።

አሁን «ውጣ» ሲባል ሰርቨሩም ይረሳል። የይለፍ ቃል ሲቀየር በሰውዬው ስም ያለው ሁሉ ይዘጋል። በምልክት የገባም «ገባ» ተብሎ ይጻፋል፣ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነም ጭምር። ተራ ለመቀየር የይለፍ ቃል ድጋሚ ይጠየቃል። ምልክቱም አንዴ ካሳለፈ በኋላ አሮጌው ይሞትና አዲስ ይተካል፤ አንድ አሮጌ ምልክት እንደገና ብቅ ካለ ሁለት ሰው አንድ ነገር ይዟል ማለት ነውና ሁሉም ይባረራል፣ ለባለቤቱም ይነገረዋል።

በዚህ የመጨረሻው ላይ እትዬ ለምን አስቸገረቻቸው። ሁለት ገጽ በአንድ ጊዜ ስትከፍት ራሷ ተባረረች። ለምን? ሁለቱ ገጾች አንዱን ምልክት እኩል አቅርበው፣ አንደኛው ሲታደስለት ሁለተኛው እንደ ሌባ ተቆጠረ። መስኮት ላይ ሰው ተሰልፎ ሳለ መዝጋቢዎች ሦስት አራት ገጽ እንደሚከፍቱ ከመዝጋቢዋ ሰምታለች፤ እንዲህ ሆኖ ቢወጣ ነገ ሆስፒታሉ ሙሉ ውጭ ያድራል። ጎፈሬው ጸጉሩን ይዞ አቃሰተ። አሮጌው ምልክት ወዲያው ከሚሞት ለጥቂት ሰከንድ እንዲቆይ አድርጎ አስተካከለው። ስድስት ገጽ ከፍታ ሞከረችው። ያዘ። አሥር ከፈተች። ያዘ። አለቃው ሳያስበው አጨበጨበ።

በአሥር ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጇ ለሠራተኛው ሁሉ አስቀድማ አስነግራ፣ አሮጌዎቹ ምልክቶች በሙሉ ተሰረዙ። ሦስቱም ከስክሪኑ ፊት ቆመው ነበር። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ የነበረው ዜሮ ሆነ። ለአፍታ በሆስፒታሉ ውስጥ ማንም የትም አልገባም። ከዚያ አንድ። ሦስት። አሥራ ሁለት። እያንዳንዱ በራሱ ስም፣ ከራሱ ወንበር። እትዬ ለምን የምታውቃቸውን የክፍል ስሞች ጮክ ብላ ታነባለች፤ ካርድ ክፍል ገባ፣ ላቦራቶሪ ገባ፣ መድኃኒት ቤት ገባ።

ዓርብ ኮሚቴው ሲቀመጥ አለቃው እንዲናገር ተራ እስኪሰጠው አልጠበቀም። ተነስቶ ጥፋቱ የእኛ ነው አለ። ያለ አንድ ጌጥ፣ መውጫውን በግማሽ እንደሠሩት፣ ልጅቷ እውነቷን እንደነበር፣ ነርሱም ያጠፋው ነገር እንደሌለ ተናገረ። እትዬ ለምን ስድስቱን ገጾች አከፋፈለች፤ ሐሙስ ላይ ባዶው ቦታ በቀይ ተከቧል። ሥራ አስኪያጇ ለመዝጋቢዋ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀች። ቀጥሎም ወደ አለቃው ዞራ፣ ውሉን ከማደሷ በፊት ሌሎቹን ገጾች በሙሉ ድጋሚ እንዲፈትሹላት ፈለገች፤ ፈታሿም ይህቺው ሴት ትሁን አለች። መዝጋቢዋ አላለቀሰችም፤ ሰኞ ስንት ሰዓት ልግባ ብላ ነበር የጠየቀችው።

ሰኞ እትዬ ለምንም አብራት ከመስኮቱ ኋላ ተቀመጠች፤ ሰው ገጹን በእውነት እንዴት እንደሚጠቀምበት ለማየት። ነባሩ ነርስ ከእረፍቱ ሲመለስ ወደ መስኮቱ መጥቶ፣ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ መግቢያ እንደተሰጠው፣ የይለፍ ቃል ግን ማሰብ እንዳቃተው ነገራቸው። የሚስቱን ስም ሊያደርግ ነበር። እትዬ ለምን ለምን እንደማይሆን ስትነግረው ግማሽ ሰዓት ፈጀች፤ ሰልፉ ከኋላው ረዘመ፣ መዝጋቢዋ ሳቋን መያዝ አቃታት።

በቀጣዩ ወር ዜናው ከሆስፒታሉ ወደ አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ደረሰ፤ እዚያም አንባቢ የሚመዘገብበት፣ ሌላ ሰው የሠራው ገጽ አለ። እንድታየው ለመኗት። ጠዋት ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን አስከፈተች፤ በአንዱ ገብታ ምልክቱን ወደ ሌላው ገልብጣ፣ በመጀመሪያው ላይ «ውጣ» ተጫነች። ከዚያ ሁለተኛውን አደሰች፣ ተመለከተችው፣ ድጋሚ አደሰችው። እንደተከፈተ ነው። ስልኳን አንስታ ጎፈሬው ጋ ደወለች።

«ና ቶሎ» አለችው፣ «ላፕቶፕህን ይዘህ ና።»